ቅዳሜ እምቦጭ ነቀላ ላይ ንግግር ላለብሽ እህቴ

"የጣና ሐይቅን አረም፣ እምቦጭን ለመንቀል ለሚወጡ ሰዎች አነቃቂ ንግግር አድርጊ ተብያለሁ፣ በምን ልጀምር?" ላልሽው እህቴ። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ። ይሄንኑ ንግግር ሁለቴ አድርጌዋለሁ፤ አንዴ ከሽፎብኛል፣ አንዴ ሰምሮልኛል። ስለ ማይክ አያያዝ ሌላ ሰው ይንገርሽ።

1. አሳጥሪው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. ጌቲስበርግ በተባለው የጦርነት ስፍራ የተናገረው 270 ቃል ገደማ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እዚያው ከሱ በፊት የዘመኑ ስመ ጥር ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨሬት ሁለት ሰዓት ተናግሯል። ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሳው የሊንከንን ነው።

2. የራስሽን ተናገሪ። ይሄን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያው ፎገራ በኩል ሐይቁ ዳር ነበር። አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ንግግርህን አስቀድመህ አስገባ ብሎ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና" ትለኛለች። መጨረሻ ላይ ወረቀቴ በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ ተመለሰ። የራሴን ታሪክ አውጥተው የውጭ ሀብታሞችን አባባል ሞልተውበታል። እሺ ብዬ መቀበሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰዉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነበር። እስከ ወገቡ ርሷል፣ አልቅት የነከሰው አለ። እኔ በንጹሕ ጫማ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ "በውስጣችሁ አንበሳ አለ" እላለሁ። 40 ደቂቃ! አንድ አባት እጃቸውን አወጡና "ልጄ፣ አንተ ይሄን አረም ነቅለህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማኝ የለም፤ አንድ በአንድ ወደ ጥላው ሄዱ።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ሰው የሚያሳምነው በሦስት ነገር ነው ይላል፦ በተናጋሪው ታማኝነት፣ በሰሚው ስሜት፣ በምክንያት። እኔ የመጀመሪያው ጎደለኝ፤ እሱ ከሌለ ሌሎቹ አይሠሩም።

3. ሁለተኛው ጊዜ ወረቀት አልያዝኩም። በጠዋት ሄጄ መጀመሪያ "በርቱ!" አልኩ። "ያበርታህ!" አሉኝ። ሥራ ላይ ላለ ሰው ሰላምታው ይሄ ነው፣ "ክቡራትና ክቡራን" እንዳትዪ አደራ። ከዚያ ገብቼ አብሬ ነቀልኩ። ሥሩ እንደ ጥቁር ፀጉር የተንዠረገገ ነው፤ ውሃ ስለሚቋጥር ከብዶ ክንድ ያዝላል። እረፍት ላይ ጭቃ በያዘ እጄ እንዳለሁ ተናገርኩ። አረሙ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ቆይቶ ሊበቅል ይችላል፣ የነቀልነውን ዳር ላይ ከተውነው ክረምት ሲመጣ ውሃው መልሶ ይወስደዋል አልኳቸው። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከዚህች ጀልባ እስከዚያች ሾላ ያለውን ዛሬ ከውሃው አርቀን እንከምረው።" ሀገር አድኑ አላልኩም። ሾላዋ ግን ለሁሉም ትታያለች። 6 ደቂቃ አልሞላም።

9 ሰዓት ሳይሞላ ሾላዋ ሥር ደረስን። እኚያ አባት አልነበሩም እንጂ ባዩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

4. ወረቀት አስገቢ ካሉሽ ርዕሱን ብቻ ስጫቸው። ቀበሌውን ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ መጥቼ አብሬሽ እነቅላለሁ።