«በስንት ዓመት?» ብላችሁ ጠይቁ

በአየር ብክለትና በአየር ንብረት ሥራ ላይ ለተሰማራችሁ ልጆች አንድ ጥያቄ ላስለምዳችሁ። ማንም ሰው «ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ያህል እጥፍ ያሞቃል» ሲላችሁ፣ «በስንት ዓመት?» በሉት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ በሬ ውሰዱ። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ በ2006 መመሪያው ከወተት ላሞች ውጭ ላለ የአፍሪካ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን፣ ማለትም ከብት የሚያገሳውን ጋዝ፣ መድቧል። በ100 ዓመት ስሌት፣ ማለትም በ100 ዓመት ውስጥ የሚያመጣውን ሙቀት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ስታነጻጽሩ፣ በ27 አባዙት፤ 840 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በ20 ዓመት ስሌት በ80 አባዙት፤ ወደ 2,500 ኪሎ ይጠጋል። በሬው ያው በሬ ነው። ያገሳው ጋዝም ያው ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዕድሜ ነው። ሚቴን አየር ላይ 12 ዓመት ገደማ ይቆያል። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ሺህ ዓመትም ይሻገራል። አይፒሲሲ ይህን ስሌት በ1990 ሲያቀርብ የ20፣ የ100 እና የ500 ዓመቱን ጎን ለጎን ነበር ያስቀመጠው። በ1997 ጃፓን ኪዮቶ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ስምምነት አገሮች 100ውን መረጡ። ምርጫ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበለዋል፤ ይህ ያሳስበኛል።

ከሥሩ የሚያንጠባጥብ እንስራ አስቡ። በየቀኑ እኩል ውሃ ብትጨምሩበት ከፍታው የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ሚቴን እንደዚያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማያፈሰው እንስራ ነው፤ በጨመራችሁ ቁጥር ይሞላል። ማይልስ አለንና የኦክስፎርድ ባልደረቦቹ «ጂደብሊውፒ ስታር» የሚባለውን ስሌት ያመጡት ይህን ለማሳየት ነው። ስሌቱ በዋናነት የሚያየው ልቀቱ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ነው።

ሳይንሱ ጥሩ ነው። አጠቃቀሙ ላይ ግን ንቁ። ለረጅም ዘመን ብዙ ከብት ይዞ የኖረ ሀብታም አገር በዚህ ስሌት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ሕዝቡ በዝቶ ከብቱም የበዛበት ድሃ አገር ደግሞ ዋና ጥፋተኛ ሆኖ ይወጣል። ከአፍሪካ ትልቁን የከብት ሀብት ለያዘችው ለእኛ አገር ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። የቆመው ከፍታ ራሱ እኮ ሙቀት ነው! የሰው ልጅ የለቀቀው ሚቴን እስካሁን ምድርን ወደ ግማሽ ዲግሪ አሙቋል። ኒውዚላንድ በ2019 ሕጓ ከእርሻና ከቆሻሻ ለሚወጣ ሚቴን የራሱን ግብ፣ ለሌሎቹ ጋዞች ሌላ ግብ አወጣች። ግቡ በቂ ነው አይደለም መከራከር ይቻላል፤ መለየቱ ግን ለእኔ ትክክል ነው።

ወደ ጥቁር ካርቦን፣ ማለትም ወደ ጥቀርሻው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አየር ላይ የሚቆየው ለቀናት ነው፤ ቢበዛ ለጥቂት ሳምንት። የት እንደወደቀም ለውጥ ያመጣል፤ በረዶ ላይ ሲያርፍ በረዶውን ያቀልጣል። ደግሞ ብቻውን አይወጣም። የእንጨት እሳት የፀሐይን ብርሃን የሚመልሱ ብናኞችንም አብሮ ይለቃል፤ እነሱ ያቀዘቅዛሉ። የናፍጣ ጭስ ውስጥ ጥቁሩ ያመዝናል። ስለዚህ ያረጀ የናፍጣ መኪናንና የእንጨት ምድጃን በአንድ ቁጥር አትገምቱ።

ለተሻሻለ ምድጃ ፕሮጀክት ስትጽፉ የአየር ንብረት ቁጥሩን አታጋንኑ። ማጋነንም አያስፈልግም። እንጀራ የምትጋግረው እናት ያንን ጭስ ዛሬ ትተነፍሰዋለች። ለሳንባዋ የ100 ዓመት ስሌት ምን ያደርግላታል? የጭስ መለኪያ መሣሪያውን በፊቷ ከፍታ ላይ ስቀሉ። ምጣዱ ተጥዶ ሳለ ለኩ፤ ወጥ ብቻ የሚሠራበትን ቀን ለይታችሁ መዝግቡ። የዚያ ማድ ቤት ልኬት ብቻውን በቂ ክርክር ነው።

ስለ 31ዱ ኪሎም ልመለስ። መነሻ ነው እንጂ የማንም በሬ ልኬት አይደለም። የቦረና ከብትና ቢሾፍቱ ያለች የተዳቀለች ላም የሚበሉት አንድ አይደለም። በሜትር ደረቱን ለክታችሁ ክብደቱን ገምቱ። መኖው ምን እንደሆነ፣ ወተቱ ስንት ሊትር እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። አድካሚ ነው፤ ግን አገራችን ድርድር ላይ የምትይዘው ቁጥር ከዚያ ነው የሚወጣው።

ሪፖርት ስትጽፉ ደግሞ ሚቴኑን በሚቴን ቶን አስቀምጡ፣ ጥቁር ካርቦኑንም ለብቻው። የ100 ዓመቱ የሚቴን ብዜት በ1995 21 ነበር። በ2007 25፣ በ2013 28 ሆነ። አሁን እንደ ምንጩ ከ27 እስከ 30 ነው። የቆዩ ሪፖርቶችን ስከፍት ብዙ ጊዜ የማገኘው ድምር ብቻ ነው። በየትኛው ብዜት እንደተሰላ የሚናገር የለም፤ ስለዚህ ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይቻልም። እናንተ ድምሩን ስታስቀምጡ የወሰዳችሁትን ብዜትና የስንት ዓመት ስሌት እንደሆነ ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃዋል።