የእጅ ሥራ ጥያቄና መልስ፦ ትንሿ ቮልስ የቱን ኮላ ትወዳለች?

ባለፈው እትም ስለ ሞዴል መኪና ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ የሶፋ ጥገናውንና የግድግዳ ቀለሙን ሁሉ ወደ ጎን ገፋው። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ድሬዳዋ ውስጥ እውነተኛ መኪና ስቀባ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ትንንሾቹን። ዛሬ ሶፋዎቹ ይጠብቁ።

«አቦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የቮልስ ሞዴል አመጣልኝ። 1/24 ይላል፣ ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፤ ሁሉም ነገሩ ፕላስቲክ ነው። ኮላውን ግን ኤርፖርት ላይ ወሰዱበት። እኔም በሱፐር ግሉ ጀመርኩት። ወለሉና ወንበሮቹ ተያያዙ፤ መስታወቱ ግን ነጭ ጉም ለበሰ። ስፖኪዮው ደግሞ በነካሁት ቁጥር ይወድቃል። ምን ይሻለኛል?»
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

የኮላው መወሰድ አይግረምህ። የሞዴል ኮላ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው፤ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። እኛ ጋ የሚደርሰው ኪት፣ ማለትም ገጣጥመህ የምትሠራው የሞዴል ክፍሎች ስብስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኮላው የሚደርሰው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የያዝከውን ዕቃ እወቅ። የኪቱ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ለእሱ የተሠራው ኮላ መሀል ገብቶ የሚይዝ አይነት አይደለም። የሁለቱን ክፍሎች ፊት ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል። ፈሳሹ ተኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ብየዳ በለው። ሱፐር ግሉ ግን በሁለቱ መሀል ደረቅ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ቀጥ አድርገህ ብትጎትተው ይችላል፤ በጎን ሲመታ ግን ቀጭ ይላል። ስፖኪዮህ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ እዚህ ምን ይገኛል? የመኪና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ግባና ኒትሮ ቲነር ስጠኝ በል። ፖሊስታይሪንን ያቀልጣል። ቅልቅሉ ግን ከጣሳ ጣሳ ይለያያል፣ ስለዚህ ሳትሞክር ቮልስዋ ላይ እንዳታደርገው። ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሁለት ቁራጭ ቆርጠህ አጋጥም፣ ቲነር አስነካና አሳድረው። በማግስቱ ለመስበር ታገል። ከመጋጠሚያው ውጭ ያለው ከተሰበረ ቲነሩ ይሆንሃል። መጋጠሚያው ከለቀቀ ሌላ ሱቅ ሞክር።

አሁን አቀባቡን ልንገርህ፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእህትህ ያለቀ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ለምናት። በቲነሩ ደህና አድርገህ እጠበውና ሙላው፤ ብሩሹ ከነክዳኑ አለልህ። ሁለቱን ክፍሎች ደረቅ እንዳሉ አጋጥመህ ያዝ። የብሩሹን ጫፍ መስመሩ ላይ ነካ አድርገህ አንሳ። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ እየተሳበ ሲሮጥ በዓይንህ ታየዋለህ። አንተ መግፋት አይጠበቅብህም። ጣትህ ግን መስመሩ ላይ እንዳያርፍ። ካረፈ ቲነሩ ስሩ ይገባና አሻራህን ጣሪያው ላይ አትሞልህ ይሄዳል። ትንሽ ቆይተህ ጫን ስታደርገው ቀጭን የቀለጠ ፕላስቲክ ከመስመሩ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ እጅህን ሰብስብ። በማግስቱ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ መጀመሪያ ቁጥር 600፣ ከዚያ ለስለስ ያለው 1000። መጋጠሚያው የት እንደነበር አንተም አታገኘውም።

ክፍተት ካለ ደግሞ የፍሬሙን ቁርጥራጭ ፈጭተህ ጥቂት ቲነር ውስጥ አሳድረው። እንደ ወፍራም ገንፎ ሲሆን በስቴኪኒ እየወሰድክ ሙላው። ከስቱኮ የሚሻለው ያው የመኪናዋ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፤ እኩል ይፈቀፈቃል። ብቻ ስስ ስስ አድርገህ ጨምር፣ ብዙ ከጫንክበት የስሩን ያለሰልስና ያሰምጠዋል።

ቀለም የተቀባ ወይም ክሮም የለበሰ ቦታ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። ቲነሩ የሚያቀልጠው ቀለሙን ነው። የሚገጥመውን ፊት ፋቀህ ፕላስቲኩን አውጣ።

የጥፍር ማስለቀቂያ አይሆንም ወይ ትለኝ ይሆናል። ብዙው ውሃና ዘይት አለበት፤ ተወው። ማስቲሽማ ጭራሽ። ክር እየጎተተ መኪናዋን ያበላሻታል።

ወደ መስታወቱ እንምጣ። ያ ነጭ ጉም የሱፐር ግሉ ትነት ነው። ሲደርቅ ይተንና አጠገቡ ያለው ላይ ያርፋል፤ የሚያጋልጠው ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥቂት የጥርስ ሳሙና አድርገህ በትዕግሥት እሸው፣ ይለቃል። መልሰህ ስታጣብቀው የአናጺ ነጭ ኮላ ተጠቀም። ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጉም አያመጣም፣ ከመስመር የወጣውንም በእርጥብ ጨርቅ ታነሳዋለህ። መስታወት ምን ሸክም አለበት? ይበቃዋል።

ስፖኪዮውን በኮላ ብቻ አትመነው። መርፌ አግለህ ስፖኪዮው እግር ላይም በሩ ላይም ቀዳዳ አውጣ። ቀጭን የመዳብ ሽቦ አጭር ቁራጭ ስካበት፣ ከዚያ ነው ሱፐር ግሉ። ሸክሙን ሽቦው ይወስደዋል።

አንድ ሳትጠይቀኝ የምነግርህ አለ። ለስላሳ የቪኒል ጎማ ከቸርኬው ጋር ዓመታት ሲቀመጥ ከጎማው የሚወጣው ማለስለሻ ፕላስቲኩን ይበላዋል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ከመግጠምህ በፊት ቸርኬውን ከውስጥም ከውጭም ቀለም አልብሰው።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ እኖራለሁ። አንዲት የብረት ፔጆ 404 አለችኝ፣ 1/43። ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆነው ያገለገሉትን እንድትመስል እፈልጋለሁ፤ ፖርቶ መጋላ ያላት፣ አቧራ የጠጣች። የልጄ የፕላስቲክ ኮላ ግን ብረቱ ላይ አልይዝ አለኝ። እንዴት ላድርግ?»
ከሐረር

ጋሽዬ፣ ምርጫዎ ልቤን ነካው። ይህች መኪና እኮ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን ውድድር ያሸነፈች ናት። የሐረር ዳገት የቻለችው በከንቱ አይደለም።

የልጅዎ ኮላ የማይዘው ብረት ስለማይቀልጥለት ነው። ለብረት ሱፐር ግሉ ወይም ባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ ይሁን። ትንሽ ነገር በሱፐር ግሉ፣ ክብደት ያለው ወይም እጅ የሚነካው በኢፖክሲ። ከዚያ በፊት ቦታውን በአልኮል ጠርገው በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ያድርጉት። ቀለም ላይ ካጣበቁ የያዘው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

ፖርቶ መጋላውን ከድሮ የስልክ ገመድ ይሥሩት። ውስጡ ያለው መዳብ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ያንን በ43 ቢያባዙት 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይመጣል፤ የእውነተኛው ፖርቶ መጋላ ቱቦ ውፍረት ማለት ነው። ሽቦው ተጠማዞ ስለሚመጣ አንዱን ጫፍ በፒንሳ ይዘው ሌላውን ሳብ ያድርጉት፣ ቀጥ ይላል። ስዕሉን ወረቀት ላይ በልኩ ይሳሉና በላዩ ላይ ስኮች ይለጥፉ፤ ሽቦዎቹን እዚያው ላይ ደርድረው መገናኛቸው ላይ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ሱፐር ግሉ። መበየጃ ካለዎት በቆርቆሮ ቢበይዱት የበለጠ ይጠነክራል፤ ያኔ ግን ስኮቹን ትተው ጣውላ ላይ ይሥሩ።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይለግማል። ክፍሉን ከማጋጠምዎ በፊት አንዱ ፊት ላይ እፍ ይበሉበት፤ የትንፋሽዎ እርጥበት ያነቃዋል። ያልተከፈተውን ቱቦ ፍሪጅ ያስቀምጡት። ሲያወጡት ግን የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፍቱ ይቆዩ፤ አለዚያ ውስጡ ጤዛ ይይዝና ድንጋይ ይሆናል።

አቧራውን በተመለከተ፣ እውነተኛ አፈር እንዳይነሰንሱ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በ1/43 ሲታይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠጠር ናት። ጣሪያዋ ላይ ኮረት የተራገፈባት ትመስላለች። ቡናማና ቢጫ ጠመኔ በምላጭ ፍቀው ያድቅቁት። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከጎማው በላይ፣ ከፓራፋንጎው ሥር፣ ከኋላ ባለው ክዳን ላይ ያልብሱት። ጎኗ ላይ ወደ ታች እየበዛ ይሂድ። አሽከርካሪው እጁን የሚያሳርፍበት የበሩ እጀታ አካባቢ ግን ንጹሕ ይሁን፤ እውነተኛ ታክሲ ላይም እዚያ ቦታ አቧራ አይቆይም። በላዩ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ከነፉበት ጠመኔው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከሚፈልጉት በላይ ያብዙት ወይም ጭራሽ ሳይነፉ በመስታወት ሳጥን ያስቀምጧት።

በበሩና በኮፈኑ ዙሪያ ያለው መስመር እንዲታይ ደግሞ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥነው በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መስመሩ ላይ ነካ ያድርጉት። ራሱ ይሮጣል። የተረፈውን በማግስቱ አኳራጅ ባስነኩት ጨርቅ ይጥረጉ። ጥቁር አይምረጡ፤ በዚህ መጠን ጥቁር መስመር የተሳለ እንጂ የበር ክፍተት አይመስልም።

የተላጠ ቀለም ካሰኘዎት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ ጥቁር ቡናማ ቀለም አስነክተው፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ አራግፈው፣ ጠርዝ ጠርዙን መታ መታ። ሲያምርዎት አቁሙ። ከዚያ በኋላ ዝገት ሳይሆን ኩፍኝ ነው የሚሆነው።

«ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መኪና ካልሠራሁ እያለ ቤቱን ሱፐር ግሉ በሱፐር ግሉ አደረገው። ትናንት ሁለት ጣቱ ተጣብቆ አለቀሰ። ልከልክለው ወይስ ልተወው?»
ከከዚራ

እህቴ፣ ሥራውን አትከልክይው፤ ሱፐር ግሉውን ከእጁ ውሰጂ። ጣት ሲጣበቅ አይጎተትም፣ ቆዳ ይልጣል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ በቀስታ ማንከባለል ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ለማስለቀቅ አትታገሉ፤ በውሃ እያጠባችሁ ሐኪም ቤት። ደግሞ የፈሰሰውን በጥጥ እንዳትጠርጊ። ሱፐር ግሉና ጥጥ ሲገናኙ ይግላሉ፣ ይጨሳሉ፣ እጅ ያቃጥላሉ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ከላይ ለሳቢያኑ ልጅ ያልኩት ቲነርም ለትልልቆች ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት። ማስቲሽ ሰው ላይ የሚያደርሰውን መንገድ ላይ እናየዋለን፤ ቲነርም የዚያው ዘመድ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ካርቶን፣ ሽቦ፣ ቆርኪና የአናጺ ነጭ ኮላ ስጪው። ነጩ ኮላ ውሃው ወደ ካርቶኑ እየሰረገ ስለሚደርቅ ለዚህ ሥራ ከሱፐር ግሉ ይበልጣል። እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ይያዝለት።

«ስፕሬይ ስነፋ ቀለሙ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንብኛል። ጥፋቱ የቀለሙ ነው?»
ከነምበር ዋን

የሰዓቱ ነው። በእኩለ ቀን ሙቀት ቀለሙ አየር ላይ እያለ ይደርቅና ዱቄት ሆኖ ያርፋል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ንፋ፣ ነፋስም የለም። ጣሳውን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር አቅርበው። መንፋት የምትጀምረው ከመኪናዋ ውጭ ነው፤ አልፈሃት ከሄድክ በኋላ ታቆማለህ። የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፣ ስሩ ቢታይም ግድ የለም። እርቃኑን ባለ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ፕራይመር፣ ማለትም የስር ቀለም፣ ይቅደም፤ ጠንካራ የመኪና ቀለም በቀጥታ ከነፋህበት ፊቱን ይሰነጣጥቀዋል። የሻከረውን በ2000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አለስልሰውና እንደገና ንፋ። ጣሳውን ፀሐይ ላይ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ እንዳትተወው፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።