«አጭር ስለሆንክ ዕድሜህን ቀንስ» አሉኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። 17 ዓመቴ ነው፣ 5,000 ሜትር እሮጣለሁ። ቁመቴ ግን 1 ሜትር ከ54 ነው። አብረውኝ ልምምድ የሚሠሩት ልጆች «ጩጬ» ነው የሚሉኝ። ውድድር ላይ መሀል ያስገቡኝና በክርን ሲገፉኝ መውጫ አጥቼ እቀራለሁ። አሁን ደግሞ አንድ የማከብረው ሰው «ፊትህ የልጅ ነው፣ ዕድሜህን ሁለት ዓመት ቀንሰን ከታናናሾቹ ጋር እናሰልፍህ» አለኝ። እናቴ በበኩሏ ቁመትህን ያስቀረው ሩጫው ነው፣ ተወው ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዕድሜው ልጀምር፣ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንዳታደርገው። ሰውዬው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን አንዴ የተጻፈ የውሸት ልደት ፓስፖርት ላይም ይከተልሃል፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬትህ ሌላ ሲል ደግሞ ያመጣኸው ውጤት ሁሉ ይሰረዛል። ያንተን ቦታ ያጣው የ15 ዓመት ልጅም አለ፣ እሱም እንዳንተ በሌሊት ተነስቶ በዚያ ብርድ የሚሮጥ። ደግሞስ ምን አስቸኮለህ? ከ20 ዓመት በታች በሚባለው ምድብ እስከ 19 ዓመትህ ትወዳደራለህ። ጊዜ አለህ።

ቁመቱን በተመለከተ የማራቶን ሯጩን ፀጋዬ ከበደን አስብ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተወለደ ደገኛ ነው፣ በልጅነቱ እንጨት እየለቀመ ይሸጥ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ58። በፈረንጆቹ 2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶኑን አራተኛ ሆኖ ስታዲየም ገባ፣ እዚያው መሙ ላይ የአገሩን ልጅ ድሪባ መርጋን አልፎ ነሐስ ወሰደ። በ2012 የቺካጎ ማራቶንን በ2:04:38 አሸነፈ። ለንደንን ሁለቴ ወስዷል፣ በ2010 እና በ2013። የ2013ቱን ፈልገህ እየው፤ ኬንያዊው ኢማኑኤል ሙታይ ጥሎት ርቆ ሄዶ ነበር፣ ፀጋዬ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ቀስ በቀስ እየተጠጋ መጨረሻዋ ላይ ደረሰበትና አለፈው። ኃይሌም ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞታል፣ ቴርጋት ግን ከኃይሌ በጣም የሚረዝም ሰው ነበር። ትንሽ ሰውነት ሙቀት ቶሎ ያወጣል፣ የሚሸከመውም ኪሎ ጥቂት ነው። የ100 ሜትር ሯጭ ብትሆን ሌላ ነገር እነግርህ ነበር፣ ላንተ ርቀት ግን ይሄ ሀብት ነው።

መገፋቱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፣ እሱን እንሥራበት። መሀል የሚያስገቡህ የመሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ስለምትጣበቅ ይመስለኛል። ከፊትህ ካለው ልጅ ጀርባ ሳይሆን ከቀኝ ትከሻው አጠገብ፣ ግማሽ እርምጃ ወጣ ብለህ ሩጥ። አብዝተህ ግን አትውጣ፣ ሙሉ ዙር በሁለተኛው መስመር ብትሮጥ ከ7 ሜትር በላይ ትጨምራለህ፣ 12 ዙር ተኩሉን እንዲያ ብትሄድ ደግሞ 90 ሜትር ገደማ በነፃ ሰጠሃቸው ማለት ነው። ያ ትርፍ የሚመጣው ከኩርባው ነው። ስለዚህ መቅደም ስትፈልግ ቀጥታው ላይ ውጣና ኩርባው ሳይደርስ ጨርስ። ሦስት ዙር ሲቀር ውስጥ ተዘግተህ እንዳትገኝ፣ ምክንያቱም ያኔ ሁሉም ይፈጥናል፣ መንገድ የሚለቅልህ የለም። ልምምድ ላይ ጓደኞችህን ሆን ብለው እንዲከቡህ ጠይቃቸው፣ ክርንህን ሰውነትህ ላይ አታጣብቅ፣ ንክኪውን ልመደው። ትንሽ ስለሆንክ ያሸንፋል ብሎ ማንም አይጠብቅህም፣ ስለዚህ ቀድመህ ተስፈንጥረህ አታስነቃቸው። ሰዓትህንም ቆላ ላይ ከተሮጠ ሰዓት ጋር አታወዳድር፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው።

ለእናትህ ደግሞ እንዲህ በላት፦ ሩጫ ቁመት አያስቀርም፣ በደንብ ሳይበሉ መሮጥ ግን እድገትን ያዘገያል። እንዳይከብደኝ ብለህ ምግብ እየቀነስክ ከሆነ ዛሬውኑ ተው። ከልምምድ እንደተመለስክ ቶሎ ብላ፣ በሶ ከቤት አይጠፋም፣ ወተትና እንቁላል ከተገኘ እሰየው። ጾም ላይ ከሆንክ ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን አብዛው፣ ልምምድ ከባድ በሆነባቸው ቀናት ስለ ሰዓቱ የነፍስ አባትህን አማክር። እንቅልፍም አትሰስት። አንዳንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያድገው፣ 18 እና 19 ዓመት ላይ የሚመዘዝ አለ። በየሦስት ወሩ በሩ መቃን ላይ ቁመትህን በእርሳስ ምልክት አድርግ። ድምፅህ ገና ካልጎረነነ፣ ወይም ስድስት ወር ሞልቶ ምልክቱ ፈቀቅ ካላለ፣ ከእናትህ ጋር ሐኪም ቤት ሂዱና እድገቴን እዩልኝ በል።