ስለ ሱፐርባይክ ውድድር ጠይቁኝ፦ ከአንድ የደብረ ማርቆስ መካኒክ ጋር

ሥራዬ ሞተር መጠገን ነው፤ ጋራዤ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ ሱፐርባይክ በማየት አሳልፋለሁ። ዛሬ ማታ የገባውን ጥያቄ በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ አባይ በረሃ ትራክ አይደለም። ከዚያ ቁልቁለት ተጭኖ የመጣ ሞተር ብዙ ጠግኛለሁ፤ ነጂውን መጠገን ግን አልችልም።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ሱፐርባይክና ሞቶጂፒ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ የሞቶጂፒ ሞተር ለውድድር ብቻ የተሠራ ነው፤ ብር ቢኖርህም ሱቅ ገብተህ አትገዛውም። የሱፐርባይክ መነሻው ግን ለሕዝብ የሚሸጥ ሞተር ነው። ሻሲው ያው የሱቁ ነው፤ አሞርዛተሩ፣ ፍሬኑና ማርሚታው ይቀየራል። የዓለም ሻምፒዮናው በ1988 ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ አሜሪካዊው ፍሬድ መርክል በሆንዳ አርሲ 30 ወሰደ።

ከእንጅባራ፦ አገሮች የየራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው ሲባል እሰማለሁ። ከዓለሙ ያነሰ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የዓለሙን ብቻ ነው፤ የቀደመው ግን አገር አቀፉ ነው። አሜሪካኖች የራሳቸውን የጀመሩት በ1976 ነው፣ የዓለሙ ከመምጣቱ 12 ዓመት ቀደም ብሎ። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሬግ ፕሪድሞር ነው፤ የነዳው ደግሞ ቢኤምደብሊው አር90ኤስ። በዚያው ዓመት ዴይቶና በሚባለው የአሜሪካ ትራክ ላይ ያሸነፈው ስቲቭ ማክላፍሊን ኋላ የዓለም ሻምፒዮናው እንዲመሠረት ዋናውን ግፊት ያደረገ ሰው ነው። ዛሬ የአሜሪካው ሞቶአሜሪካ ይባላል፤ ከ2015 ጀምሮ የሚመራው ዌይን ሬይኒ ነው። ሬይኒ ራሱ በ1983 እና በ1987 የአሜሪካ ሱፐርባይክ ሻምፒዮን ነበር፤ ከዚያ በ500 ሲሲ፣ የዛሬው ሞቶጂፒ በቀድሞ ስሙ፣ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መንገዱ ከአገር ቤት ወደ ዓለም ነው።

እኔ ግን የምወደው የእንግሊዙን ነው። ከ2012 ጀምሮ ሁሉም ሞተር አንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ይገጠምለታል። ትራክሽን ኮንትሮል የለም። የፊት ጎማ እንዳይነሳ የሚከለክልም የለም። በዓለሙ ሻምፒዮና የኋላ ጎማ ሲሸሽ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን ይቀንስልሃል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከኩርባ ስትወጣ ነዳጅ ካበዛህ የሚያድንህ የእጅህ አንጓ ብቻ ነው። ኦልተን ፓርክ ወይም ካድዌል ፓርክ የሚባሉትን ትራኮች እዩ፤ ዳገት ቁልቁለቱ ብዙ ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ሞተሩ ከመሬት ሲነሳ ነጂው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ጎማው መሬት ሲነካ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ግን ነዳጁን አይለቅም።

ፉክክሩስ? በ2023 ቶሚ ብራይድዌል የቡድን ጓደኛውን ግሌን ኧርዊንን የረታው በግማሽ ነጥብ ነው። አዎ፣ 0.5። በ2024 ያው ብራይድዌል በካይል ራይድ ተበለጠ፤ ልዩነቱ አንድ ነጥብ። ይሄን «ያነሰ» የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

ከዳንግላ፦ ልጄ፣ እኔ ሸምግያለሁ፤ የልጅ ልጄ ግን ይሄን ነገር ይወዳል። ከብሔራዊው በታችስ ምን አለ?

መልስ፦ አባቴ፣ ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። ከታች የክለብ ውድድር አለ። እንግሊዝ አገር ትልልቆቹ የሚወዳደሩበት ትራክ ላይ በሌላ ቅዳሜና እሑድ አናጢውም ነርሱም በራሱ ሞተር ይወዳደራል። ጀማሪ መጀመሪያ ተምሮ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ በልብሱ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ይደርባል፤ ከኋላው የሚመጣው ሰው ጀማሪ መሆኑን አይቶ ርቀቱን ጠብቆ እንዲያልፈው። በቂ ውድድር በሰላም ሲጨርስ ሰደርያውን ያወልቃል። ለልጅ ልጅዎ ይሄን ይንገሩልኝ፦ እዚያም ቢሆን ማንም በአንድ ቀን ሯጭ አይሆንም። ያለ ሄልሜትም ከግቢ አይውጣ።

ከደጀን፦ አያ፣ ትራክ ከሌለን ታዲያ የት እንለማመድ? አባይ በረሃ ኩርባው ልክ እንደ ትራክ ነው።

መልስ፦ አይደለም። መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ። ትራክ ላይ ስትወድቅ የምትንሸራተትበት ሰፊ ቦታ አለ፤ ጠጠሩ ያቆምሃል። ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው አለ፣ አምቡላንስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሁሉም የሚነዳው በአንድ አቅጣጫ ነው። አባይ በረሃ ላይ ከኩርባው ጀርባ ፍሬኑ የጋለ የጭነት መኪና አለ። ከብት አለ። የፈረሰ አስፋልት አለ። በቃ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሱፐርባይክ ማርቆስ ላይ ቢነዳ ያው 200 ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ተባረኪ! ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

አይሆንም። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በቤንዚኑ ልክ ብቻ ሳይሆን በሚስበው አየር ልክ ነው። ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያ 200 ወደ 150 ይወርዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የምታጣው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ የተለካው ግን ለሌላ አየር ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄን ብዙ መካኒክ ይረሳዋል። የሳሳ አየር ሞተሩን ያደክማል፣ ነጂውን የሚገፋው ንፋስም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ የመጨረሻው ፍጥነት የጉልበቱን ያህል አይወርድም። በጣም የሚታወቀው ከኩርባ ሲወጣ ነው፤ ሞተሩ ይዘገያል። በአፍሪካ የዓለም ሱፐርባይክ የተካሄደበት ካያላሚ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ከ1998 እስከ 2002፣ ከዚያ በ2009 እና በ2010 ተወዳድረውበታል። ቡድኖቹ እዚያ ሲደርሱ የነዳጁን መጠንና የጥርሱን ምጣኔ እንደገና ማስተካከል ነበረባቸው። ጎጃም ውስጥ ያለ ሞተር ሁሉ በየቀኑ ይሄ ፈተና አለበት፤ ጉልበት ሲያጣ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ።

ከባሕር ዳር፦ ከሁሉም የሚበልጠው ጆናታን ሬይ ነው አይደል?

ከመራዊ፦ ቶፕራክ እያለ? ሬይ ካዋሳኪው ጥሩ ስለነበር ነው።

ከባሕር ዳር፦ ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዋንጫ በተከታታይ፣ 119 ድል! በሞተር ብቻ ነው?

ከቡሬ፦ ከ2019 ወዲህ በሳምንት መጨረሻ ሦስት ውድድር ነው ያለው። የድሮው እንግሊዛዊ ሻምፒዮን ካርል ፎጋርቲ 59 ያሸነፈው ሁለት ብቻ በነበረበት ዘመን ነው።

ከመራዊ፦ እሱስ ልክ ነው። ቶፕራክ ግን በ2021 በያማሃ፣ በ2024 እና በ2025 በቢኤምደብሊው ነው የወሰደው። ሁለት ፋብሪካ!

ከባሕር ዳር፦ አንተ እኮ አፓቼህን ካቴና ሳትቀባ የምትነዳ ሰው ነህ፤ ስለ ሞተር ምን ታወራለህ?

ከመራዊ፦ ካንተ ቦክሰር ይሻላል።

መልስ፦ ካቴናውን ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ ቅቡት። የዘመን ንጽጽር መልስ የለውም፤ ቡሬ ያለው የውድድር ብዛት ግን ትክክል ነው። ሬይ በእንግሊዝ ሻምፒዮና አላደገም የሚል ካለ ደግሞ ይመርምር፤ እዚያው ተወዳድሮ ነው ወደ ዓለም የመጣው።

ከደብረ ማርቆስ፦ እንዴት ሯጭ መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ ዕድሜህን አልነገርከኝም። ሞተር እንዳለህ አልነገርከኝም። ትራክ አይተህ ታውቅ እንደሆነም አልነገርከኝም። ምን ብዬ ልመልስልህ? የቶፕራክን መንገድ ተመልከት። የተወለደው አላንያ፣ ቱርክ ነው። አባቱ በአንድ ጎማ እየነዳ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ነበር። ከሱፐርባይክ በታች ባለው የሱፐርስፖርት ምድብ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኬናን ሶፉኦግሉ ይዞ አሳደገው። በ2015 በ600 ሲሲ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ፤ የዓለም ሱፐርባይክን እስኪይዝ ስድስት ዓመት ፈጀበት። አሠልጣኝ፣ ትራክ፣ ትንሽ ሞተር፣ ትዕግሥት፤ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

ከደጀን፦ የውድድር ጎማ፣ ያ ልሙጡ፣ እኛ ሞተር ላይ ቢገጠም ይይዛል?

መልስ፦ አይይዝም። ከመነሳቱ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ወደ 80 ዲግሪ ይሞቃል። ሳይሞቅ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይጥልሃል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚያወጣበት ጥርብ የለውም። ሐምሌ ላይ ጎጃም ውስጥ ልሙጥ ጎማ አስበው። አባይ በረሃ ልትሞክረው ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ልንገርህ፦ ትራክ አይደለም።

ከባሕር ዳር፦ የትኛውን ሞተር ልግዛ?

መልስ፦ መለዋወጫ የሚገኝለትን። ቀጥሎ።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ ሱፐርባይክ ከሞቶጂፒ በምን ይለያል?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አንብብ።

ከቡሬ፦ ስለ አየሩ ያልከውን ሳነብ የኔን ሞተር አሰብኩ። ካርቡራተር ነው። ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይበላል። ካንዴላውን አሁን ፈትቼ አየሁት፤ ጫፉ ጥላሸት ለብሷል።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ቤንዚን በዝቶበታል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ አራግፍ፤ በአቧራ ከተደፈነ ሌላውን ሁሉ መንካት አያስፈልግህም። ንጹሕ ከሆነ የካርቡራተሩን ጄት እይ፣ ያቺን መሐሏ የተበሳ ትንሽ ናስ። ላይዋ ላይ ቁጥር አለ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ቁጥር ግጠም፣ ካንዴላውን አጽዳ፣ እስከ እንጅባራ ደርሰህ ተመለስና እንደገና ፍታው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጨርሰሃል። ነጭ ከሆነ አሳንሰኸዋል ማለት ነው፤ የድሮውን መልስ፣ አለበለዚያ ፒስቶን ታቀልጣለህ። እንዲህ ያስተካከልከውን ሞተር ይዘህ ወደ አዲስ አበባ የምትወርድ ከሆነ አባይ ድልድይ ጋ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ከባድ ነው። እዚያ ሞልተህ አትስጠው። ጄት ልትገዛ ስትሄድ ደግሞ አሮጌዋን በኪስህ ያዝ፤ በቃል ብቻ ብትጠይቅ ሌላ ይሰጡሃል።