የእናቴን ፎቶ የመሰለ ፎቶ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እናቴ በ1960ዎቹ እዚሁ ጎንደር ፎቶ ቤት የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ልጄ ሰሞኑን ትመረቃለች። እሷንም እንደዛው ላነሳት ብዬ፣ በስልኬ አንስቼ በአፕ ቡናማ ባደርገው የውሸት መሰለብኝ። ምን ይሻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ አፑን ተይው። ያ ቡናማ ቀለም እርጅና ብቻ እንዳይመስልሽ። ድሮ ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ ይሠራ ነበር። ወረቀቱ ላይ ምስሉን የሚሠራው የብር ማዕድን ከድኝ ጋር ተዋህዶ ወደ ብር ሰልፋይድ ሲለወጥ ቡናማ ይሆናል፤ ፎቶውም ዕድሜ ያገኛል። የእናትሽ ግን ጥቁርና ነጭ ነው አልሽ። ታዲያ ቡናማው ከየት መጣ?

ትዝታን የሚያመጣው ሌላ ነው። የአባቴ ፎቶ አለኝ። ኮቱ የውሰት ነው፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል። ሁሌ የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ያ እጅጌ ነው።

ስለዚህ የእናትሽን ነጠላ አልብሻት። ፋሲል ግንብ አትውሰጃት፤ እዚያ ያልተነሳ ሙሽራ የለም! ፒያሳ፣ ከጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች በአንዱ ግድግዳ ሥር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቁሚያት። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የነጠላው ሽመና ሳይቀር ይታያል። ፍላሹን አጥፊ። ስልኩን ፊቷ ላይ አትለጥፊው፣ አፍንጫ ያተልቃል። ደግሞ "ሳቂ" አትበያት። የድሮ ሰው ፎቶ ሲነሳ መች ይስቅ ነበር?

ከዚያ ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ወረቀት ላይ አሳትሚው። ከጀርባው ስሟንና ቀኑን በእርሳስ ጻፊ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እያደር ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል።