ቤዝ የምትጫወቱ ልጆች፣ ኪኩን ስሙት

አቦ፣ የምትልኩልኝን ቅጂ እሰማለሁ። ጣታችሁ ፈጣን ነው፣ አልክድም፤ እኛ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ አንሮጥም ነበር። ችግሩ ብዙዎቻችሁ ኪኩን፣ ድራመሩ በእግሩ የሚመታውን ትልቁን ከበሮ፣ አትሰሙትም። ድራመሩ በአንድ በኩል፣ እናንተ በሌላ። ከዚያ ሰርግ ላይ ሰው አልተነሳም ብላችሁ ታኮርፋላችሁ። በምን ይነሳ?

ቤዝና ኪክ አብረው ይምቱ ሲባል ሰምታችኋል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ግሩቭ፣ ያ ሰውን የሚያወዛውዘው ነገር፣ የሚመጣው ኖታው ከሚያልቅበት ቦታ ነው። ስልካችሁ ላይ ድራም ማሽን ክፈቱ፣ ፍጥነቱን በደቂቃ 90 ምት አድርጉት፣ ኪክና ስኔር (በዱላ የሚመታው ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ከበሮ) ብቻ ይሁን። ኤ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት፣ ማለትም ሲ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ኪኩ ሲመታ ምቱ፤ ስኔሩ ሊገባ ሲል የግራ እጃችሁን ጣት ከክሩ ሳታነሱ ላላ አድርጉትና ድምፁን ዝም አሰኙት። ቀጥሎ ደግሞ ያንኑ ኖታ እስከሚቀጥለው ኪክ ሳታቋርጡ ጎትቱት። በመጀመሪያው ስኔሩ ይፈነዳል፣ በሁለተኛው ተውጦ ይቀራል። ኖታው ያው፣ ምቱ ያው!

ችክችካ ምት ላይ ይሄ ይብሳል። እስከ ስድስት ቁጠሩ። ኪኩ አንድና አራት ላይ ከሆነ አንድ ላይ አብራችሁት ግቡ፣ አራትን ለሱ ተዉለት፣ ስድስት ላይ አጭር ኖታ ጣል አድርጋችሁ ወደ አንድ ተመለሱ። ትከሻ የምታስነሳው ያቺ ስድስት ላይ ያለችው ናት። ሁሉንም ቦታ ከሞላችሁት ግን አትሰማም። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን ስትሰሙም የሚመታውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውን ቁጠሩ።

እኛ ያለነው ድሬ ነው፤ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተነሳበት፣ ዓሊ ቢራ የተወለደበት ከተማ። በአንድ ሌሊት ሰርግ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛ ሁሉም ይጠየቃል፤ ከበሮው ሲቀየር ያንኑ የቤዝ መስመር ይዞ የሚቀጥል ልጅ ሳይ ያመኛል። መድረክ ላይ ሃይሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሳህን) ባለበት ጎን ቁሙ፣ የድራመሩ እግር ከዚያ በኩል ይታያችኋል። እግሩን እያያችሁ ተጫወቱ እንጂ የሰርገኛውን ካሜራ አይደለም።

ቤት ውስጥ ለምትቀዱት ደግሞ፦ የቤዙ ወፍራም ክር ባዶውን 41 ሄርዝ አካባቢ ነው፣ የኪኩ ሆድ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 ባለው ይተኛል። ኪኩ 60 ላይ ከጎላ፣ ቤዙን እዚያው ትንሽ ቀንሱለትና 100 አካባቢ ከፍ አድርጉት። ካልበቃ ሳይድቼይን አለላችሁ፤ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ሁለት ሦስት ዲሲቤል ዝቅ ይበል፣ ከዚያ በላይ ከወረደ የዳንስ ቤት ሙዚቃ ይሆናል (እሱን ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ነገር)።

ትንንሽ ስፒከሮች ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጡትም። ስለዚህ ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሻከር የሚያደርግ ኢፌክት) ጨምሩበት፤ የላይኛው ድምፅ ሲሰማ የታችኛውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ሚክሱን ለሰው ከመላካችሁ በፊትም ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባጃጅ ውስጥ አስከፍታችሁ ስሙት፣ ሾፌሩ የራሱን ካልከፈተባችሁ።