ብሪጅ ሞድ ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው የምኖረው። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነው። የፋይበሩ ሳጥን ምድር ቤት ሳሎን ተሰክቷል፣ ዋይፋዩ ግን ላይ ሳይደርስ ይሞታል። ስለዚህ የራሴን ራውተር ገዝቼ ላይ ሰቀልኩና በገመድ ከታችኛው ጋር አገናኘሁት። ኢንተርኔቱ ሠራ። ግን ላይ ስሆን ስልኬ ምድር ቤት ያለውን ፕሪንተር አያገኘውም፤ ልጄም ጌሙ «ደብል ናት» እያለ ያስቸግረኛል ይላል። ጓደኛዬ «ብሪጅ ሞድ አድርገውና ተገላገል» አለኝ። እንዴት ነው የሚደረገው?

መልስ፦ ጓደኛህ ችግሩን በደንብ አውቆታል፣ መድኃኒቱን ግን ቸኩሎበታል። «ናት» ማለት የቤቱ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚያደርግ ሥራ ነው (ስሙ ነው እንጂ «እሷ ናት» ለማለት አይደለም)። አሁን ይህን ሥራ የታችኛውም ሳጥን የላይኛውም ራውተር ይሠራሉ፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሌላ አጥር አጥረህ ለሁለቱም ዘበኛ ቀጠርክ ማለት ነው። ስልክህ ፕሪንተር ሲፈልግ ጮክ ብሎ ይጣራል፣ ጥሪው ግን ከላይኛው አጥር አያልፍም።

ብሪጅ ብታደርገው ምን ይሆናል? ሳጥኑ በፋይበሩ በብርሃን የሚመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በገመድ ወደ ራውተርህ ማሳለፍ ብቻ ይቀረዋል። የእሱ ዋይፋይ ከእንግዲህ ኢንተርኔት አይሰጥም። ያንተ ራውተር ደግሞ ላይ ነው። ስለዚህ ሳሎኑም ፕሪንተሩም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ!

ላንተ የሚበቃህ አዲሱን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» (የራሱን አጥር ሳያጥር ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) ማድረግ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ «ኦፕሬሽን ሞድ» የሚል ፈልግ፣ አክሰስ ፖይንት ምረጥ፣ አለቀ። አድራሻ የሚያድለው የታችኛው ብቻ ይሆናል፣ ላይና ታች አንድ ኔትወርክ ነው፣ ደብል ናት የሚባለውም ይጠፋል። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ በውጭ ግድግዳ ካሳለፍከው ግን ለውጭ የተሠራውን ግዛ፣ የጅማ ዝናብ ተራውን ገመድ አይምረውም።

ብሪጅ የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ራውተር ገዝቶ ሁሉንም ነገር በእሱ ማስተዳደር ለሚፈልግ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ምንም ሳይነካ የፒፒፒኦኢ (ወደ ድርጅቱ መስመር መግቢያ) ዩዘርኔምና ፓስወርድ በእጁ ይያዝ። እኔ አንዴ ይህን ሳልጠይቅ ሪሴቷን በመርፌ ተጫንኳት፣ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠፋ፣ እስኪስተካከል ሦስት ቀን በሞባይል ዳታ ከረምኩ። ስለዚህ መጀመሪያ በሳጥኑ ቅንብር ውስጥ የ«ዋን»ን (WAN፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን መስመር) ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ በተለይ የቪላን ቁጥሩን (መስመሮቹ የሚለዩበትን)። ከዚያ ኢንተርኔት የሚለውን መስመር ብቻ ከ«ራውት» ወደ «ብሪጅ» ቀይር፤ የስልክና የቁጥጥር መስመሮች ካሉ አትንካቸው። ገመዱን ከሳጥኑ «ላን 1» (LAN) ከሚለው ቀዳዳ ወደ ራውተርህ «ዋን» ወደሚለው ሰካና ዩዘርኔሙን እዚያ አስገባ። ወዲያው ካልያዘ አትደንግጥ፣ የድሮው ግንኙነት ገና አልተዘጋ ይሆናል፤ ሁለቱንም ለጥቂት ደቂቃ አጥፋና አብራ። ገጹ ጭራሽ ካልታየህ የተሰጠህ አካውንት አይፈቅድም ማለት ነው፣ መስመሩን ያስገባልህን ድርጅት ጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ። ብሪጅ ያደረግከው የቤትህን ካሜራ ከሌላ ከተማ ለማየት ከሆነ ራውተርህ የያዘውን አድራሻ እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ ከውጭ በቀጥታ አይገባም፣ ሌላ ናት ከድርጅቱ ዘንድ አለና። ያኔ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ የፋይበሩን አረንጓዴ ጫፍ ነቅዬ በጨርቅ ላጽዳው? ቀይ መብራት እየበራ ነው። (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ ተይው እህቴ! ጨርቁ አቧራና ቅባት ነው የሚጨምርበት። ነቅለሽም ወደ ጫፉ አትመልከቺ፣ የማይታይ ብርሃን አለው። «ሎስ» የምትለዋ መብራት ቀይ ከሆነች ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ገመዱ ከሶፋ ሥር ተጣጥፎ ወይም በር ተዘግቶበት እንደሆነ እይ፤ ካልሆነ ቴክኒሻን ጥሪ።